ሞተሩ ዝም ሲል

ያደግሁት ቢሾፍቱ ነው። ያኔ ደብረ ዘይት ነበር የምንላት። ቤታችን ከአየር ኃይል ግቢ ብዙም አይርቅም። ጠዋት ጠዋት ትንንሾቹ ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ይነሡና ከሰፈራችን በላይ ይዞራሉ። ድምፃቸውን እንደ ጎረቤት ወፍጮ ለምደነዋል። ሲጮህ አይሰማንም፤ የሚሰማን ዝም ሲል ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ዝም ይላል። ሰማይ መሃል ላይ። እናቴ ቡና እየቀዳች ከሆነ ጀበናዋን እንዳዘነበለች እጇ ይቆማል። «በስመአብ!» ትላለች። እኔ ወደ ደጅ እሮጣለሁ። አውሮፕላኗ እንደ አሞራ ክንፏን ዘርግታ፣ ያለ ድምፅ፣ ቁልቁል ትንሸራተታለች። በቃ ወደቀች ስል ሞተሩ ያጓራና ቀና ትላለች። እናቴ ሲኒውን ትሞላለች። ከዚያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ የተጀመረው ወሬ ይቀጥላል።

ጎረቤታችን የአየር ኃይል ጡረተኛ ነበሩ። አብራሪ ሳይሆኑ ቴክኒሺያን። ሰፈሩ «ሻለቃ ባሻ» ይላቸዋል፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ሞተሩ ለምን እንደሚጠፋ ጠየቅኋቸው።

«ጠፍቶ አይደለም» አሉኝ። «መምህሩ ነው ጋዙን የቀነሰበት።»

ነገሩን በእጃቸው አሳዩኝ። የአየር ኃይል ሰው ሲያወራ እጁ ክንፍ ይሆናል፤ ቴክኒሺያንም ቢሆን። ልጁ ጥቂት ሰዓት በሯል እንበል። ተመችቶታል። ከታች ባቦጋያ ሐይቅን እያየ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው መምህር ትንፍሽ ሳይል ጋዙን ይስብበታል። «ሞተርህ ጠፋ። የት ነው የምታርፈው?» ልጁ መጀመሪያ የሚመጣለት አፍንጫዋን ቀና ማድረግ ነው። የሚወድቅ ሰው ወደ ላይ መንጠልጠል ይፈልጋላ። የሚገድለውም ይኸው ነው። ፍጥነቷ ያልቅና ክንፏ መሸከሙን ይተዋል። ስለዚህ ልጁ ከገዛ ፍርሃቱ ጋር ተጣልቶ አፍንጫዋን ዝቅ ማድረግ አለበት። ከዚያ ጭስ ይፈልጋል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረው ከአንድ ጎጆ የሚወጣ ጭስ ነው። ከዚያ ማሳ ይመርጣል። «ያንን የጤፍ ማሳ፣ ጌታዬ።» «መሃሉ ላይ ያለችውን ግራር አይተሃታል?» አላያትም። መምህሩ ጋዙን ይመልሳል። ስድቡ ከወረዱ በኋላ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ አብራሪው ሳይሆን ስለ ሁለተኛው ወንበር ማሰብ ለመድኩ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ከሞላ ጎደል የግቢው ምርጥ በራሪ ነው። በሰላም ጊዜ ይሁን። ጦርነት ሲመጣስ? ግንባር ላይ አንድ አብራሪ በጠፋበት ሰዓት ይህ ሰው ቢሾፍቱ ላይ ልጅ ሲያስደነግጥ ይዋል?

እኔም አስተማሪ ነኝ። አውሮፕላን አይደለም፤ ቶርኖ። ብረት እንዴት እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚለካ አስተምራለሁ። ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሦስት አሠልጣኞች ነበርን። አንድ ትልቅ ትእዛዝ መጣ፣ ቀኑ ደግሞ አጭር። አለቃችን ሦስታችንንም ማሽን ላይ አቆመን። ሠልጣኞቹ መጥረጊያ ያዙ። የብረት ፍርፋሪ ሲጠርጉ ከረሙ። ሥራው በቀኑ ደረሰ፣ ተጨበጨበ፣ ሌላ ትእዛዝ መጣ። በሁለተኛው ዓመት አንዱ ባልደረባዬ ዱባይ ሄደ፣ ሌላው ታመመ። ቶርኖው ላይ የቆሙት እነዚያ ልጆች ነበሩ፤ መለኪያውን ካሊፐር እንኳን በትክክል አያነቡም። የተበላሸውን ብረት ብዛት አልነግራችሁም።

ለአያቴ ይህን ብነግራት ኖሮ አዲስ አይሆንባትም ነበር። ሰኔ ላይ ቤት ውስጥ እህል ሲያልቅ፣ ልጆች ሲያለቅሱ፣ ጥግ ላይ የዘር ጤፍ የያዘ ጎታ አለ። ማንም አይነካውም። ከሁሉ የሚከብደው እሱን እያዩ ማደር ነው ትል ነበር።

እንግዲህ ስለ ጦርነት ጊዜ አብራሪዎች ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ቁጭት ነው። ዓመቶቹንና ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ አለዚያ ይምታታብኛል።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው ጆን ሮቢንሰን ነው። ሚሲሲፒ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ። አላባማ ውስጥ ባለው ተስኪጊ ኢንስቲትዩት መካኒክነት ተምሮ በ1924 ተመረቀ። መብረር ፈለገ። ቺካጎ ያለው የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም። ሮቢንሰን እዚያው ጽዳት ሆኖ ተቀጠረ፤ መጥረጊያውን ይዞ ክፍል ውስጥ እየቆየ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር ይባላል። (የእኔ ሠልጣኞች መጥረጊያ ይዘው ምንም አልሰሙም። መጥረጊያ ከመጥረጊያ ይለያል።) በኋላ ገብቶ ተማረ፣ ፈቃዱን አገኘ፣ ከጓደኛው ኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆኖ ጥቁር በራሪዎችን አደራጀ። በ1934 ወደ ተስኪጊ በአውሮፕላን በሮ ሄዶ «እዚህ የበረራ ትምህርት ቤት ክፈቱ» ብሎ ወተወተ።

በዓመቱ ጣሊያን በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ጦር ስታከማች ሮቢንሰን አዲስ አበባ ደረሰ። እኛ አገር በዚያን ጊዜ የነበሩት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ያረጁ፣ መሣሪያም የሌላቸው ነበሩ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ከዓመታት በፊት ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ናቸው። ጣሊያን ግን የምታሰልፈው በመቶ የሚቆጠር ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 በእኛ አቆጣጠር፣ አድዋ በቦምብ ስትደበደብ ሮቢንሰን እዚያው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራውን ሥራ ሳስብ ሆዴን ይበላኛል። አየር ኃይሉን እንዲመራ ተሾመ፣ ኮሎኔል ተባለ። ግን የሚመራው ኃይል የለም። ደመናና ተራራ ተከልሎ፣ ከጣሊያን ተዋጊዎች እየተደበቀ፣ መልእክትና መድኃኒት ሲያመላልስ ከረመ። በእጁ ያለውን ሙያ ለማካፈል ጊዜ አጣ። ጦርነት የደረሰበት ሰው ዘሩን ልብላ ወይስ ላስቀምጥ ብሎ የሚከራከረው መጀመሪያ ዘር ሲኖረው ነው። እኛ ገና አልዘራንም ነበር። በ1936 ግንቦት ወደ አገሩ ሲመለስ ኒው ዮርክና ቺካጎ ላይ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። የተሸነፈ ጦር አዛዥ እንዲያ ሲቀበሉት ምን ተሰማው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ተስኪጊ ላይ የወተወተው ነገር ግን በቀለ። እዚያ በ1939 የሲቪል አብራሪዎች ሥልጠና ተጀመረ። ዋናው መምህር አልፍሬድ አንደርሰን ነው፤ ሁሉም «ቺፍ» ይለዋል። እሱም ወጣት ሳለ የሚያስተምረው ሰው አጥቶ፣ ከዘመድ ከወዳጅ ተበድሮ የራሱን አሮጌ አውሮፕላን ገዛና በአብዛኛው ራሱን አስተማረ። በመጋቢት 1941 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሌኖር ሩዝቬልት ተስኪጊን ልትጎበኝ መጣች። «ጥቁሮች መብረር አይችሉም ሲባል እሰማለሁ» ካለች በኋላ አውሮፕላኑ ላይ ወጥታ ከኋላው ወንበር ተቀመጠች። ጠባቂዎቿ እየተቃወሙ አንደርሰን ይዟት በረረ። ፎቶው አለ። እሷ ባርኔጣዋን ደፍታ ፈገግ ብላለች፣ እሱ ከፊቷ ተቀምጧል። አስተማሪ ፊት ነው ያለው።

የመጀመሪያው የተዋጊ አብራሪዎች ክፍል ሐምሌ 1941 ላይ 13 ሆኖ ጀመረ። በመጋቢት 1942 ክንፍ ደረታቸው ላይ የተደረገላቸው 5 ናቸው። ከእነሱ መካከል፣ ኋላ ላይ ጄኔራል የሆነው ቤንጃሚን ዴቪስ ይገኛል። አስቡት። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደብድባለች፣ አሜሪካ ሁለት ጦርነት ውስጥ ገብታለች፣ አንድ አብራሪ እንኳን ትፈልጋለች፤ እነሱ ግን ከ13 ስምንቱን «አትሆኑም» ብለው አሰናበቱ። ከፊሉ የዘረኝነት ሥራ ሊሆን ይችላል። የጥቁሮቹ ሥልጠና ከነጮቹ ተለይቶ፣ በሁሉም ነገር እየተለካ የሚካሄድ ነበር። ግን ነጮቹም ጋ ብዙ ሰው ይወድቅ ነበር። ስቲርማን በምትባለው ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ ይጀምራሉ፣ ቀጥሎ ከበድ ያለች፣ ቀጥሎ ጎማዋ የሚታጠፍ። በየደረጃው አንድ ሰው ሻንጣውን ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ እስከ 1946 ተስኪጊ ወደ 1,000 የሚጠጉ አብራሪዎች አወጣች።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሳጥን ካላወራሁ አይሆንልኝም። ባለ ቶርኖ ነኝና ማሽን እወዳለሁ። ኒው ዮርክ ግዛት፣ ቢንጋምተን በምትባል ከተማ፣ የኦርጋንና በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ፋብሪካ የነበረው ቤተሰብ ልጅ፣ ኤድ ሊንክ፣ የበረራ ትምህርት ውድ ሆኖበት ነበር። የኦርጋኑን ወናፍ ወሰደ። በቆርቆሮ አይደለም፣ በቆዳና በእንጨት የሚሠራውን፣ አየር ሲሞላ የሚያብጠውን። በላዩ ላይ ጥቃቅን ክንፍ ያላት የእንጨት አውሮፕላን አስቀመጠ። መሪውን ስታዞር አንዱ ወናፍ አየር ይሞላል፣ ሌላው ይተነፍሳል፣ ሳጥኑ ያዘነብላል። ክዳኑን ከዘጋኸው ውጪውን አታይም፤ ያለህ ሰዓት የሚመስሉት መለኪያዎች ብቻ ናቸው። ደመና ውስጥ መብረር ማለት ይኸው ነው። ጆሮህ «ቀጥ ብለሃል» ይልሃል፣ ሰዓቱ «ተገልብጠሃል» ይልሃል፣ ማመን ያለብህ ሰዓቱን ነው።

ጦሩ መጀመሪያ አልፈለገውም። ሊንክ ሳጥኑን ለመዝናኛ ፓርክ ሸጠ፤ ሳንቲም ከፍለህ ትወዛወዛለህ። በ1934 የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ፖስታ እንዲያመላልሱ ታዘዙ። ክረምት ነበር። ደርዘን ያህል ሰው በጥቂት ሳምንታት ሞተ፣ ብዙዎቹም ደመና ውስጥ መብረር ስላልለመዱ። ያኔ ሊንክን ጠሩት። በቀጠሮው ቀን ጭጋጉ ስለከበደ መኮንኖቹ «ዛሬ አይመጣም» ብለው ሊሄዱ ሲሉ ከጭጋጉ ውስጥ ወጥቶ አረፈ። ጦሩ ስድስት ሳጥን ገዛ። በጦርነቱ ጊዜ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው በዚያ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ጠብታ ቤንዚን ሳይቃጠል፣ አንድ መምህር ሳይሞት።

ወደ ሌላኛው ወገን ስንሄድ ግን የዘሩ ጎታ ይከፈታል። በ1942 መጨረሻ የጀርመን ጦር ስታሊንግራድ ላይ ተከበበ። በአየር እንቀልበዋለን ተባለ። በቂ ማመላለሻ አውሮፕላን የለም። ስለዚህ ከማሠልጠኛዎቹ ዩንከርስ 52 የሚባሉትን ሰበሰቡ፣ ከነመምህራኖቻቸው። እነዚያ መምህራን እነማን እንደሆኑ ልብ በሉ፤ ደመና ውስጥ መብረር የሚያስተምሩት ናቸው። በሩሲያ ክረምት እነሱ ካልሆኑ ማን ይበራል? አመክንዮው ልክ ነው። የእኔም አለቃ አመክንዮ ልክ ነበር። ከ450 በላይ ማመላለሻ አውሮፕላን እዚያ ጠፋ። ሠራዊቱም አልዳነም። መምህሩ ሲሞት አንድ አብራሪ አይደለም የሚቀንሰው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡትን ልጆች ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው።

በ1944 ደግሞ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች የጀርመንን ሰው ሠራሽ ነዳጅ ፋብሪካዎች መቱ። ነዳጅ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ከማን ነው? ከትምህርት ቤቱ። በዚያ ክረምት አንድ ጀርመናዊ ልጅ ወደ ውጊያ የሚገባው 120 ሰዓት እንኳን ሳይሞላ በሮ ነው። ከፊቱ የሚመጣው አሜሪካዊ ከ300 በላይ። ልጁ ጀግና ቢሆን ምን ያደርጋል፤ ከፊሎቹ ያለቁት ገና ሲነሡና ሲያርፉ ነው። ጃፓንም ያው ነች። ከጦርነቱ በፊት አብራሪዎቿን በወንፊት ነበር የምታጣራው፤ እነዚያን ምርጦች ግን እስኪሞቱ ግንባር ላይ አቆየቻቸው። ሰኔ 19 ቀን 1944 የፊሊፒንስ ባሕር ላይ በአንድ ቀን ከ300 በላይ አውሮፕላን ጠፋባት።

አሜሪካኖቹ ያደረጉትን ነገር ደግሞ በአንድ ሰው ልንገራችሁ። ጆን ታች የባሕር ኃይል አብራሪ ነው። ዜሮ የሚባለው የጃፓን ተዋጊ ከእሱ አውሮፕላን የበለጠ እንደሚታጠፍ ሲሰማ፣ ማታ ማታ ቤቱ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ክብሪት እንጨት እየደረደረ መላ ፈለገ። ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ሽሩባ ቢተላለፉስ? አንዱን የሚያሳድድ የሌላኛው አፍ ውስጥ ይገባል። ሚድዌይ በተባለው የባሕር ጦርነት ላይ ሞከረው፣ ሠራ። ይህን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? እኔ አዛዥ ብሆን በነጋታው መልሼ እልከዋለሁ። እነሱ ግን ወደ ፍሎሪዳ ላኩት፣ ልጆች እንዲያስተምር። ክብሪቱን ለሺዎች አካፈለ።

ይህ ሁሉ የድሮ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 2023 ዩክሬን ውስጥ ዢቶሚር አካባቢ ሁለት ኤል-39 ማሠልጠኛ ጄቶች አየር ላይ ተጋጭተው ሦስት አብራሪዎች ሞቱ። አንዱ «ጁስ» በሚል የጥሪ ስሙ የሚታወቀው አንድሪ ፒልሽቺኮቭ ነበር፤ አገሩ ኤፍ-16 የተባለውን ተዋጊ ጄት እንድታገኝ ደጅ ሲጠና የኖረ። ኤፍ-16ቱ የደረሰው በዓመቱ ነው። ዜናውን ሳነብ ቆም ያደረገኝ የአውሮፕላኑ ስም ነው። ኤል-39 የእኛም ሰፈር ድምፅ ነው። ዩክሬኖች ላይ የወደቀው ጥያቄ ያው ነበር፤ ለአዲሱ አውሮፕላን ውጭ አገር ሄዶ ወራት የሚቀመጥ፣ እንግሊዝኛ የሚያጠና ማን ይሁን? ልምድ ያለው ከሄደ ሌሊት የሚመጣውን ሚሳይል ማን ይጠብቅ? ልጅ እግሩ ከሄደ ደግሞ ዓመት ያልፋል።

ሮቢንሰን በ1944 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከጥቂት ጥቁር አሜሪካዊ ባለሙያዎች ጋር፣ በዚህ ጊዜ ማንም ቦምብ ሳይጥልበት፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ሊያስተምር። ከዚያ ስዊድኖች መጡ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበርር የነበረው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን እየመራቸው። ቢሾፍቱ ላይ ትምህርት ቤቱ ተተከለ። በ1947 ፎን ሮዘን ሳፊር የምትባል ሚጢጢ ማሠልጠኛ ይዞ ከስዊድን አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ በሮ መጣ፤ ሠላሳ ሰዓት ገደማ። ሁለቱም የሞቱት እዚሁ አገር ነው። ሮቢንሰን በ1954 አውሮፕላኑ ወድቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ። ፎን ሮዘን በ1977 የሶማሊያ ጦር ጎዴን ሲያጠቃ ተገደለ። በዚያው ሰሞን ኤፍ-5 የተባሉትን ተዋጊ ጄቶች ይዘው የሰማዩን የበላይነት የያዙት አብራሪዎች እነዚያ ሁለት ሰዎች በዘሩት ማሳ ላይ የበቀሉ ናቸው።

ጋሼ በዚያ ጦርነት ጊዜ ቢሾፍቱ ነበሩ። አውሮፕላን ይመለሳል፣ ይጠግናሉ፣ ይሄዳል። እንቅልፍ የለም። በዚያ መሃል አለቃቸው ሁለት ጀማሪ ልጆች ይዞ መጣና «ሥራ አስለምዳቸው» አላቸው። «እጄ ሁለት፣ ሥራው አሥር፤ ይኼ ደግሞ ልጅ ያሳድግብኛል! ብዬ ተንጨረጨርኩ» አሉኝ። አንደኛው ጠያቂ ነበር። ይኼ ለምንድነው፣ ያ ለምንድነው። «በመፍቻ ጭንቅላቱን ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።» አላሉትም። ልጁ በኋላ የሳቸው አለቃ ሆነ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። በረንዳቸው ላይ ጋቢ ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ተቀምጠዋል። ከላይ አንዲት ማሠልጠኛ ትዞራለች። እንደ ልማዱ ድምፁ ጠፋ። ጋሼ ጣታቸውን አነሡ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እየቆጠሩ ነው። አምስት ላይ ይሁን ስድስት፣ ሞተሩ አጓራ።

«ቸኮለ» አሉ ጣታቸውን እያወረዱ። «መምህሩ አዲስ ነው።»